ግንባታ ባለበት ራምፕ ላይ አውሮፕላን ማንቀሳቀስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤርፖርት ሲታደስ በረራ አይቆምም። በአንድ ጥግ ኮንክሪት ይሰበራል፣ በሌላው ጥግ መንገደኛ ይሳፈራል። በመሀል አውሮፕላኖች በራሳቸው ሞተር መሬት ለመሬት ይሄዳሉ፤ በሙያው ቋንቋ ታክሲ ያደርጋሉ። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ከጀማሪ አብራሪዎች፣ ከራምፕ ሠራተኞች፣ ከግንባታ ሹፌሮች እና በመስኮት እያዩ ከሚገረሙ ተሳፋሪዎች የሚነሱ ናቸው። መልሶቹ ለጠቅላላ ግንዛቤ ናቸው። የምትሠሩበት ኤርፖርትና ድርጅት መመሪያ ሁሌም ይቀድማል።

አውሮፕላኑ የሚሄደው ቀስ ብሎ ነው። ታዲያ ምኑ ያሰጋል?

መጀመሪያ ክብደቱ። ጭነቱን የሞላ ትልቅ አውሮፕላን ከ300 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። በእግር ፍጥነት ቢሄድ እንኳ የነካውን ነገር ጨፍልቆ ያልፋል። ክንፉ ውስጥ ደግሞ ነዳጅ አለ።

ከዚህ የሚብሰው ግን ልማድ ነው። አብራሪው ያንን ራምፕ ስንት ጊዜ ገብቶበት ወጥቶበታል። የት እንደሚታጠፍ እጁ ያውቀዋል። ትናንት ክፍት የነበረው መንገድ ዛሬ ተቆፍሮ ያድራል። ዓይን ደግሞ የለመደውን ነው የሚያየው። መሬት ላይ አውሮፕላን የሚመራው በቀለምና በመብራት ነው። ግንባታ ሲመጣ ቶሎ የሚበላሹት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ከዚህ በታች የምታነቧቸው አደጋዎች አብዛኞቹ የዚህ ውጤት ናቸው።

ራምፕ የሚባለው የትኛው ነው?

አውሮፕላን የሚቆምበት፣ ሰውና ዕቃ የሚጫንበት፣ ነዳጅ የሚሞላበት ሜዳ ነው። አፕሮንም ይሉታል። ከራምፕ ወደ መንደርደሪያው የሚያደርሰው መንገድ ታክሲዌይ ይባላል። ይህን ካወቃችሁ ለቀሪው ይበቃል።

አብራሪው የክንፉን ጫፍ ከወንበሩ አያየውም እንዴ?

በብዙዎቹ ትልልቅ አውሮፕላኖች አያየውም። ክንፉ ከአብራሪው በጣም ኋላ ነው፣ ቅርጹም ወደ ኋላ ያዘመመ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ ነገር አንስቶ ነበር። እንደ ቦይንግ 747 እና 777፣ እንደ ኤርባስ ኤ380 ባሉ አውሮፕላኖች አብራሪው መስኮት ከፍቶ አንገቱን ካላወጣ በቀር የክንፉን ጫፍ አያይም አለ። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ካሜራ ወይም ሌላ ግጭት የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲገጠምላቸውም መከረ።

ስፋቱን አስቡት። ኤ380 ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 79.8 ሜትር ነው። 777-300ኢአር 64.8 ሜትር። ትንሽ የምንለው 737-800 እንኳ 36 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህን ሁሉ ብረት አብራሪው የሚነዳው ከፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ መሀል መስመሩን እያየ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11፣ 2011 ኒው ዮርክ ኬኔዲ ኤርፖርት ላይ አንድ ኤ380 ታክሲ እያደረገ ሳለ የክንፉ ጫፍ ቆሞ የነበረ ትንሽ ጄት ጭራ መታ። ትንሹን አውሮፕላን ከነተሳፋሪዎቹ አዙሮ ነው ያስቀመጠው። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም። እዚያ ግንባታ ሰበብ አልነበረም። ግን በዚያ ትንሽ ጄት ቦታ አንድ ገልባጭ መኪና ወይም የክሬን ክንድ ብታስቀምጡ ነገሩ ያው ነው።

ሲታጠፍስ ምን ይለወጣል?

ብዙ ነገር። ወደ ኋላ ያዘመመ ክንፍ ያለው አውሮፕላን ሲታጠፍ የውጪው ክንፍ ጫፍ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ከነበረበት መስመር ወጣ ብሎ ይዞራል። ስለዚህ በቀጥታው ላይ በሰላም ያለፈው ክንፍ መታጠፊያው ላይ ከአጥሩ ጋር ሊገናኝ ይችላል። «እስካሁን አልነካም፣ ከዚህ በኋላም አይነካም» ማለት እዚህ ጋ አይሠራም።

የኋላ ጎማዎቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ረጅም አውሮፕላን ሲታጠፍ ዋናዎቹ ጎማዎች መታጠፊያውን ወደ ውስጥ ቆርጠው ይሄዳሉ። 777-300 ርዝመቱ ስለሚያስቸግር አብራሪዎቹ ጎማዎቹን የሚያዩበት ካሜራ ተሠርቶለታል። በመታጠፊያው ውስጠኛ ጥግ ላይ አዲስ የተቆፈረ ቦይ ካለ፣ የፊት ጎማው አስፋልት ላይ እያለ የኋላው ጉድጓድ ሊገባ ይችላል። የታክሲዌዩ ጠርዝ በቁፋሮ ከላላም እንደዚያው ነው። ከላይ ሲታይ ደህና የሚመስል ጠርዝ ጎማ ሲያርፍበት ይሰምጣል።

በክንፍና በግንባታው መካከል ስንት ሜትር ይበቃል?

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ በአባሪ 14 ላይ አውሮፕላኖችን በክንፋቸው ስፋት በፊደል መድቧቸዋል። 737 እና ኤ320 ኮድ ሲ ናቸው። 777-300ኢአር እና 787 ኮድ ኢ። ኤ380 ኮድ ኤፍ። በማቆሚያ ቦታ ላይ ለኮድ ሲ ቢያንስ 4.5 ሜትር፣ ከኮድ ዲ እስከ ኤፍ ላሉት 7.5 ሜትር ክፍተት ይፈለጋል። ታክሲዌይ ላይ ደግሞ ለኮድ ኢ ከመሀል መስመሩ እስከ ማንኛውም ዕቃ ድረስ 43.5 ሜትር ይለካል። የ777-300ኢአር ግማሽ ክንፍ 32.4 ሜትር ስለሆነ ከጫፉ ውጪ 11 ሜትር ያህል ይተርፋል ማለት ነው።

11 ሜትር ሲባል ብዙ ይመስላል። ግን ያ ትርፍ የተቀመጠው አብራሪው ከመስመሩ ትንሽ ቢወጣ፣ ንፋስ ቢገፋው፣ መታጠፊያውን አሳልፎ ቢይዝ እንዲሸፍነው ነው። ተቋራጩ አጥሩን ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ሲያስገባ የሚበላው ይህንን መጠባበቂያ ነው። «ማንኛውም ዕቃ» ሲባልም የምር ማንኛውም ነው፤ የአፈር ክምር፣ ለምሳ ሰዓት የቆመ መኪና፣ ሠራተኛው ተራ በተራ የደረደረው ቱቦ ሳይቀር።

ክፍተቱ ሲጠብ ሦስት መፍትሔ አለ። ወይ መስመሩ ለትንንሽ አውሮፕላን ብቻ ይፈቀዳል፣ ወይ ትልቁ በጎታች መኪና ይጎተታል፣ ወይ ቦታው እስኪለቀቅ ይዘጋል። እኔ የማልወደው አራተኛው ነው፤ «ተጠንቅቃችሁ እለፉ» የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ መተው። ስንት ሜትር እንደቀረ ሳይነገረው አብራሪው የሚጠነቀቀው ምኑን ነው?

ጠባብ መስመር ውስጥ መግባት ምን እንደሚያመጣ ጆሃንስበርግ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22፣ 2013 አንድ 747-400 ብራቮ በተባለው ታክሲዌይ መታጠፍ ሲገባው ቀጥ ብሎ ማይክ ወደተባለው ጠባብ መስመር ገባ። ክንፉ ሕንጻ ሰብሮ ቆመ። ሕንጻው ውስጥ የነበሩ ሠራተኞች ቆሰሉ። መሬት ላይ ያለው መስመር «እኔ ለትንሽ አውሮፕላን ነኝ» ብሎ አይናገርም። በግንባታ ምክንያት አዲስ መንገድ ሲሰጣችሁ ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ይህ መስመር ለኔ አውሮፕላን ይሆናል?

የበረራ መቆጣጠሪያው ታወር «ሂድ» ካለኝ መንገዱ ነጻ ነው ማለት አይደለም?

አይደለም። በብዙ ኤርፖርቶች የታወር ሥልጣን ታክሲዌዩ ላይ ያበቃል። ራምፑን የሚመራው ሌላ ክፍል ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ማንም አይመራውም። ፈቃድ ቢሰጥ እንኳ ከዕቃ ጋር ያለመጋጨቱ ኃላፊነት ከአብራሪው አይወርድም። ተቆጣጣሪው ከታወሩ ሆኖ አንድ ኮን በንፋስ ሁለት ሜትር መሄዱን ማየት አይችልም።

መንገዱ ግራ ካጋባችሁ በየመታጠፊያው እየመራችሁ እንዲወስዳችሁ ተቆጣጣሪውን ጠይቁት። «ተከተለኝ» የሚል መኪናም ይጠራል። ይህን መጠየቅ የሚያሳፍራቸው አብራሪዎች አሉ። ሬዲዮው ላይ ሌሎች ይሰሙናል ብለው ነው። ቢሰሙስ?

ኖታሙን አንብቤዋለሁ። አይበቃም?

ካነበባችሁት ጥሩ ነው። ችግሩ ኖታም፣ ማለትም የተዘጋና የተለወጠ ነገር ለአብራሪዎች የሚነገርበት ማስታወቂያ፣ ለማንበብ አለመመቸቱ ነው። ሁሉ ነገር በአህጽሮት፣ ሁሉ ነገር በአንድ ዓይነት ፊደል። የሣር ማጨጃ ሰዓት እና የተዘጋ መንደርደሪያ ጎን ለጎን ተሰድረው ታገኟቸዋላችሁ።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 ሳን ፍራንሲስኮ የሆነውን ተመልከቱ። ከሁለቱ ትይዩ መንደርደሪያዎች አንዱ ለግንባታ ተዘግቶ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። የኤር ካናዳ ኤ320 አብራሪዎች መብራት ያለውን መንደርደሪያ የግራው ነው ብለው አሰቡ፤ ከሱ በስተቀኝ ያለውን ታክሲዌይ ደግሞ መንደርደሪያ አድርገው ያዙት። ታክሲዌዩ ላይ አራት አውሮፕላኖች ተራ እየጠበቁ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ወደ ላይ ተመለሱ፤ ዝቅ ብለው የበረሩበት ከፍታ ወደ 60 ጫማ ብቻ ነበር። የመንደርደሪያው መዘጋት የተነገረው 27 ገጽ ባለው የበረራ ሰነድ 8ኛ ገጽ ላይ ነበር። መርማሪ ቦርዱ ከዚህ በኋላ የኖታምን አቀራረብ ክፉኛ ነው የተቸው።

ስለዚህ ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ ሳሉት። የኤርፖርቱን ካርታ አውጡና የተዘጋውን ሁሉ በቀይ ሰርዙት። ከዚያ ሁለቱ አብራሪዎች በቃል ይነጋገሩ፤ የት እንታጠፋለን፣ የትኛው መግቢያ ተዘግቷል፣ የት ቆመን እንጠይቃለን። ይህን የምታደርጉት ሞተር ከመነሳቱ በፊት ነው። ስታርፉም ወደ ታች መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት ጨርሱት። መሬት ላይ እየሄዱ ካርታ መዘርጋት ከሁለት አንዱን ዓይን ከመንገድ ይነጥቃል።

ታብሌቱ ላይ ያለው ካርታ አውሮፕላኔን ሳይቀር ያሳየኛል። እሱን ብከተልስ?

ለማጣራት ይጠቅማል፣ ለመመራት ግን አይሆንም። የኤርፖርት ካርታዎች የሚታደሱት በ28 ቀን ዑደት ነው። ግንባታ በየሌሊቱ ይለወጣል። ትናንት ማታ የተቆፈረው ታክሲዌይ ታብሌቱ ላይ ዛሬም ክፍት ሆኖ ይታያል።

ካርታና ሜዳ ሲለያዩ ምን እንደሚሆን ከሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 27፣ 2006 የኮምኤር አየር መንገድ በረራ 5191 ጎህ ሳይቀድ በተሳሳተ መንደርደሪያ ላይ ተነሳ። ሊነሳበት የሚገባው ከ2,100 ሜትር በላይ ርዝመት ነበረው፤ የገባበት 1,067 ሜትር ብቻ ነበር። ከ50 ሰው 49ኙ አለቁ። ኤርፖርቱ በግንባታ ላይ ነበር፤ ወደ መንደርደሪያው የሚያደርሰው የታክሲ መንገድ ከጥቂት ቀን በፊት ተቀይሯል። የአብራሪዎቹ ካርታ ያንን አያሳይም ነበር። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት የካርታው ስሕተት አላደረጉትም። ከአብራሪዎቹ ፊት የነበሩት ሌሎች ምልክቶች ይበቁ ነበር አሉ። ልክ ናቸው። ቢሆንም የተቀየረ መንገድና ያልተቀየረ ካርታ አንድ ላይ ሲሆኑ ወጥመድ መሆናቸው አይካድም።

የተዘጋ ቦታ በምን ይታወቃል?

በቀን በመስቀለኛ ምልክት ነው። በኢካኦ ደንብ የተዘጋ መንደርደሪያ ላይ ነጭ፣ ታክሲዌይ ላይ ቢጫ መስቀል ይደረጋል። ለአጭር ጊዜ የተበላሸ ቦታ በኮን፣ በባንዲራ ወይም በሰሌዳ ይከበባል። ኮኑ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ቁመት ሊኖረው ይገባል። ሌሊት ብልጭ ድርግም የማይል ቀይ መብራት ይጨመራል።

የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የግንባታ መመሪያ ደግሞ ዝቅ ያሉ ብርቱካናማና ነጭ መከለያዎችን ይጠይቃል፤ ከመብራትና ከባንዲራቸው በቀር ከ46 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጡ። ዝቅ እንዲሉ የተፈለገው ክንፍ ከላያቸው እንዲያልፍ ነው። ግን ልብ በሉ። ክንፉ ቢያልፍም ከክንፉ ሥር የተንጠለጠለው ሞተር ላያልፍ ይችላል። አዲሶቹ ሞተሮች ሰፋፊ ናቸው፤ ሆዳቸው ለመሬት ቅርብ ነው።

መከለያው አጠገብ ሄዳችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ውኃ ይሞላል። ውኃው ካልተሞላ የአንድ አውሮፕላን ሞተር ንፋስ አንስቶ ይወረውረዋል። ላዩ ላይ ያለችው ቀይ መብራት በባትሪ ትሠራለች፤ ባትሪው ሲያልቅ ማንም አያውቅም። በየምሽቱ እየዞረ እያንዳንዷን መብራት የሚቆጥር ሰው ከሌለ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አጥሩ መሀሉ ጨለማ ሆኖ ይገኛል። አብራሪው ደግሞ ያቺን ጨለማ መግቢያ አድርጎ ሊያያት ይችላል።

ምልክት ሳይደረግ ቢቀር ምን ያህል ይከፋል?

በዚህ ጉዳይ ከሲንጋፖር አየር መንገድ በረራ 006 የበለጠ ማስረጃ የለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31፣ 2000፣ ታይፔ፣ ታይፉን እየመጣ፣ ዝናብና ንፋስ፣ ሌሊት። 747-400 ነበር፤ 179 ሰው ይዟል። የተፈቀደለት መንደርደሪያ 05 ግራ ነው። ከጎኑ ያለው 05 ቀኝ መሀሉ ላይ ለግንባታ ተቆፍሮ ተዘግቷል። አብራሪዎቹ መዘጋቱን ያውቃሉ።

ታዲያ እንዴት ገቡበት? ወደ ተዘጋው መንደርደሪያ የሚያስገቡት አረንጓዴ መብራቶች ይበሩ ነበር። ቀጥ ብለው ወደ ትክክለኛው ከሚወስዱት መብራቶች አንዱ ጠፍቷል፣ ሌላው ደክሟል። በተዘጋው መግቢያ ላይ መስቀልም ሆነ መከለያ አልነበረም። አብራሪዎቹ የበራውን ተከተሉ። አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ጨምሮ ሊነሳ ሲል የኮንክሪት መከለያዎችና የቁፋሮ መሣሪያዎች ላይ ወጣ። 83 ሰው ሞተ። የመርማሪዎቹ ሪፖርት አብራሪዎቹ ያሉበትን ቦታ በቂ አድርገው አላረጋገጡም ሲል ኤርፖርቱ ያላሟላቸውንም ነገሮች ዘርዝሯል።

«ኖታም አውጥተናል» ብለው እጃቸውን ለሚያጣጥቡ ኃላፊዎች ይህንን አደጋ ነው የማነሳላቸው። እነዚያ አብራሪዎች ኖታሙን አንብበውት ነበር።

አሮጌው መስመርና አዲሱ ኮን ሲጋጩ የቱን ልመን?

ሁለቱንም አትመኑ። ቁሙና ጠይቁ። መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ማንንም አይገጭም፤ ከኋላ ያለው ቢማረርም ይማረር።

አሮጌውን ቀለም ለምን ጥቁር አይቀቡበትም?

ይቀቡበታል፤ ችግሩም እሱ ነው። ጥቁር የተቀባበት አሮጌ መስመር በደረቅ ቀን አይታይም። ዝናብ ሲዘንብና የአውሮፕላኑ መብራት ሲያርፍበት ግን ከአስፋልቱ ይልቅ ያንጸባርቃል። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም እንደዚያው። አብራሪው የሚያየው አንጸባራቂ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ አዲሱን ቢጫ ትቶ እሱን ይከተላል። ስለዚህ አሮጌው መስመር በውኃ ግፊት ወይም በማሽን ተፍቆ መውጣት አለበት። ሲፋቅም የጭረቱ ቅርጽ ራሱ መስመር እንዳይመስል ሰፋ አድርጎ አራት ማዕዘን መፋቅ ይሻላል። ከወጪው አንጻር ተቋራጮች የማይወዱት ሥራ ነው።

ማርሻለርና የክንፍ ጠባቂ ካሉ ጣጣው አበቃ ማለት ነው?

እነሱ ዓይን ናቸው። ግን ዓይኑ የሚጠቅመው አብራሪው ካየው ነው። ማርሻለሩ ከፊት ቆሞ በሚበሩ ዱላዎች ይመራል። የክንፍ ጠባቂዎቹ በየክንፉ ጫፍ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ክፍተቱ ደህና ሲሆን ምልክት ለማርሻለሩ ይሰጣሉ። አንዱ ጠባቂ ከመከለያ ጀርባ ከተሰወረ ወይም ዱላውን ካወረደ ማርሻለሩ ማስቆም አለበት። ከራስ በላይ የተጣመሩ ዱላዎች «ቁም» ናቸው። ድንገት ከተጣመሩ ደግሞ «አሁኑኑ ቁም»።

አብራሪው ማርሻለሩን ከዓይኑ ካጣው ይቆማል። ድርድር የለውም። ማቆሚያ ቦታው ላይ በመብራት የሚመራ ማሽን ካለም ግንባታው የማቆሚያ መስመሩን ካንቀሳቀሰው ማሽኑ እንደገና መስተካከል ወይም መጥፋት አለበት። ስክሪኑ የሌላ አውሮፕላን ዓይነት ካሳየ አትግቡ።

ፍጥነቱ ስንት ይሁን?

ብዙ አየር መንገዶች በቀጥታ ታክሲዌይ ላይ 30 ኖት፣ በመታጠፊያ 10 ኖት ገደማ ይወስናሉ። 30 ኖት በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ነው። በግንባታ አጠገብ እሱ አይታሰብም። በእግር የሚሄድ ሰው ፍጥነት ይበቃል። በቶሎ መቆም ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል።

የሞተሩ ንፋስ ሠራተኞችን ይጎዳል?

በጣም። ሞተሩ በዝቅተኛ ኃይል ሲሠራ እንኳ ከኋላው ያለው ንፋስ ሰው ይጥላል። ከቆመበት ለመንቀሳቀስ ጋዝ ሲሰጠው ይብሳል። ግንባታ ቦታ ላይ ደግሞ የሚበር ነገር ሞልቷል፤ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ፕላይውድ፣ የፕላስቲክ ሸራ፣ ቆርቆሮ፣ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት። ከፊት በኩል ደግሞ ሞተሩ ይስባል።

ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። የታክሲ መንገዱ ላይ አውሮፕላኑ እንዲቆም የሚያስገድድ ቦታ ይኖራል፤ መጋጠሚያ ወይም ወረፋ መጠበቂያ። አውሮፕላኑ እዚያ ሲቆም ጭራው ወደ የት ነው የሚያየው? ወደ ሠራተኞቹ ከሆነ፣ ሲነሳ የሚሰጠው ጋዝ በሙሉ እነሱ ላይ ነው። ዳገት ላይ ከሆነ ወይም ስል መታጠፊያ ላይ ከቆመ ደግሞ ይበልጥ ይጨምራል። መፍትሔው መጠበቂያውን ማዛወር ወይም ንፋስ የሚመልስ አጥር ማቆም ነው። አብራሪውም ከፊቱ መንገድ እስኪከፈት ቀደም ብሎ ሰፊ ቦታ ላይ ይጠብቅ።

አንዲት ጠጠር ይህን ያህል ታስፈራለች?

ሞተር ውስጥ ከገባች አዎ። በሙያው ፎድ ይሉታል፤ መሬት ላይ የወደቀ ማንኛውም ባዕድ ነገር ማለት ነው። ከገልባጭ የተንጠባጠበ ጠጠር፣ ምስማር፣ የብረት ቁራጭ፣ የውኃ ፕላስቲክ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 25፣ 2000 ኮንኮርድ ፓሪስ ላይ የወደቀው ከሌላ አውሮፕላን የወደቀ የብረት ቁራጭ ጎማውን ቀዶበት ነው። 113 ሰው ሞተ። ያ ከግንባታ የመጣ አልነበረም። ግን ግንባታ እንዲህ ያለውን ነገር በገልባጭ ያመጣል።

ገልባጮቹ ታክሲዌይ የሚያቋርጡበት ቦታ ላይ ጎማቸው ሳይጸዳ ማለፍ የለባቸውም። የመጥረጊያ መኪና በየፈረቃው ብቻ ሳይሆን ካለፉ በኋላ ወዲያው ይጥረግ። ጭነት ይሸፈን፣ አቧራ በውኃ ይታፈን። ውኃው ሲበዛ ጭቃ እንደሚሆን አትርሱ።

የግንባታ መኪና ሹፌር ነኝ። ዋና ዋናው ምንድን ነው?

አውሮፕላን ሁሌም ቅድሚያ አለው። ቀይ ብልጭልጭ መብራቱ ከበራ ሞተሩ ሠርቷል ወይም ሊነሳ ነው፤ አትጠጉት። በማርሻለርና በአውሮፕላን መሀል በፍጹም አትለፉ። መኪናችሁ ላይ ቢጫ ብልጭልጭ መብራት ወይም ባለ ካሬ ባንዲራ ይኑር፤ ባንዲራው በየጎኑ ከ0.9 ሜትር ያላነሰ። ያለ አጃቢ ከተፈቀደው መንገድ አትውጡ። የጂፒኤስ አቋራጭ እዚህ አይሠራም።

መንገድ ከጠፋችሁ ቁሙና በሬዲዮ ተናገሩ። «ትንሽ ልሂድና መውጫውን ልፈልግ» ያለ ሹፌር ነው መንደርደሪያ ላይ የሚገኘው።

ክሬን ለብቻው ፈቃድ ይፈልጋል። ከፍታው የማረፊያ መንገድ ሊነካ፣ ብረቱም ለማረፊያ የሚረዳውን የሬዲዮ ምልክት ሊያዛባ ይችላል። ሥራ ሲቆም ክንዱ ዝቅ ይበል።

ሌሊት ሲሠራ የሥራ መብራቱ አብራሪውን አይረዳውም?

ብዙ ጊዜ ይጎዳዋል። ወደ ጎን የተመለሰ ፓውዛ አብራሪውን ያሳውረዋል፤ ከጀርባው ያለው ኮንም በጥላ ይዋጣል። መብራቱ ወደ ታች ይመለስ። ከተተከለ በኋላም አንድ ሰው ታክሲዌዩ ላይ መኪና ይዞ በአውሮፕላኑ አቅጣጫ ሄዶ ይየው። መሬት ላይ ቆሞ «ደህና ነው» ማለት ዋጋ የለውም፤ የ747 አብራሪ ዓይን ከመሬት ከ8 ሜትር በላይ ነው ያለው። ታወሩንም ጠይቁ፤ እነሱም ይታወራሉ።

ክንፉ አጥሩን ትንሽ ነካ ቢያደርግስ? ጭረት ብቻ ከሆነ?

ቁሙ፣ ተናገሩ፣ ቴክኒሻን ሳያየው አትንቀሳቀሱ። እንደ 787 እና ኤ350 ያሉት በብዛት የተሠሩት ከካርቦን ውሑድ ነው። ይህ ዓይነቱ አካል ከላይ ምንም ሳይታይበት ውስጡ ተላቆ ሊሆን ይችላል። የነካው የራምፕ መኪና ከሆነም ያው ነው። ሹፌሩ ቅጣት ፈርቶ ዝም እንዳይል ድርጅቱ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። የተናገረን ሰው ከሥራ የሚያባርር ቤት ሁለተኛ የሚነግረው አያገኝም።

ተሳፋሪ ነኝ። እኔ ምን ላድርግ?

አውሮፕላኑ ቆሞ መብራቱ እስኪጠፋ ቀበቶ አትፍቱ። ግንባታ ባለበት ቦታ ድንገተኛ ፍሬን የተለመደ ነው፤ ሻንጣ ለማውረድ የተነሳ ሰው ወንበር ላይ ይወድቃል። በክንፉ መስኮት በኩል የተቀመጣችሁ ደግሞ ክንፉን ከአብራሪው በተሻለ ታያላችሁ። ለአንድ ነገር በጣም ሲቀርብ ካያችሁ ለሆስተሷ ወዲያው ንገሩ። ቪዲዮውን በኋላ ታነሳላችሁ።

ሥራው ሲያልቅ ወዲያው ይከፈታል?

አይከፈትም። ኮንክሪቱ የአውሮፕላኑን ክብደት ለመሸከም መድረቁ ይፈተሻል። ሜዳው ተጠርጎ በእግር ይታያል። መስቀሎቹ ይነሳሉ፣ የተሸፈኑ ምልክቶች ይገለጣሉ፣ መብራቱ ከአዲሱ መስመር ጋር መመሳሰሉ በጨለማ ይረጋገጣል፤ በቀን ማየት አይበቃም። የመረከቡ ፊርማ የኤርፖርቱ ነው፣ የተቋራጩ አይደለም። ኖታሙም በዚያው ሰዓት ይሰረዝ። ሥራው አልቆ ለሳምንታት ሳይነሳ የሚቆይ ኖታም አለ፤ አብራሪዎች ዓይናቸው እያየ ክፍት የሆነውን «ተዘግቷል» ሲል ደጋግመው ካነበቡት፣ በሚቀጥለው ሳምንት የምር የተዘጋ ሲመጣም ዘለውት ያልፋሉ።